ዩሱፍ ክበቡ ፊት የቆመ ቅዳሜ

ማክሰኞ

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አሁን ምን ይዋጠኝ?

የሰፈራችን የበጎ ሥራ ክበብ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሰበሰብ አንድ የሰፈር ሰው ተጋብዞ ስለ ሙያው ያወራል። ባለፈው ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች፣ ከዚያ በፊት የባጃጅ ሹፌሩ። ዛሬ ሊቀመንበራችን ብርሃኔ ቤት ድረስ መጥታ "የዚህ ሳምንት እንግዳ ባልሽ ነው" አለችኝ። ለችግረኛ እናቶች የምንሰጣቸው አሮጌ የስፌት መኪናዎች ተሰብስበዋል፤ አያያዛቸውን የሚያስረዳ ይፈለጋል። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ዕድሜውን ሙሉ የስፌት መኪና ሲጠግን የኖረው ዩሱፍ ነው።

ግን ስትሮክ ከመታው ስምንት ወሩ። እጁ ተመልሶለታል፤ አንደበቱ ግን ቃል ይጠፋበታል። ጠያቂ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ይመስላል። ይህን ስነግራት "አቦ አታካብጂ! እሱን ጠይቂው" አለች። ጠየቅኩት። እሺ አለኝ! እኔ ነኝ እንጂ የፈራሁት።

ረቡዕ

ልምምድ ጀመርን። አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩለት። "መኪናው ክር ሲበጥስ መጀመሪያ መርፌውን እዩ" የሚለው ላይ ቆመ። መርፌ የሚለው ቃል አልመጣለትም፤ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ በኦሮምኛ "ሊልሞ" አለ።

"በአማርኛ፣ ዩስፎ፣ በአማርኛ!" አልኩት፣ እንደ ክፉ አስተማሪ። ስብሰባችን በአማርኛ ነዋ።

ዓርብ

ጠዋት ሦስቱን ዓረፍተ ነገር አወጣቸው፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከሰዓት ግን ወረቀቱን አጥፎ ትራሱ ስር ከተተው።

"ይስቃሉ" አለኝ።

አንጀቴን በላው። ነገ ከሳቁበት ዳግመኛ ከዚህ ቤት አይወጣም፤ አውቀዋለሁ። አሞታል ብዬ ላስቀረው ይሆን?

ለነገ፦ ነጩ ሸሚዝ ተተኩሷል። መድኃኒቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ባጃጁ ለዘጠኝ ተኩል ተነግሮታል። ድፍረት የለም።

ቅዳሜ

ሄድን። ላስቀረው ሳመነታ፣ ወረቀቱን ከትራሱ ስር ራሱ አውጥቶ ተነሣ። አዳራሹ ሞልቷል። ዩሱፍ ተነሣና "መኪናው..." አለ። "መኪናው..." ከፊት ወንበር ሆኜ በከንፈሬ "ክር፣ ክር" እላለሁ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል። ያ አላህ፣ ምን አደረግኩት?

ከኋላ አንዲት እናት ተነሡ። መኪና ሊወስዱ ከጀልዴሳ ገጠር የመጡ ናቸው። በኦሮምኛ "ልጄ፣ አማርኛው እኔንም ይቸግረኛል። በቋንቋችን ንገረኝ" አሉት፤ ኋላ ብርሃኔ ናት የተረጎመችልኝ።

ዩሱፍ ቀና አለ። ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ጀመረ። እየቆመ፣ እየፈለገ፣ ግን ቃሉ ይመጣለታል! ድሬ አይደል? አብዛኛው ይሰማል፤ ለማይሰማው ብርሃኔ ታስተረጉማለች፤ አንዱ በሶማሊኛ ይጠይቃል፣ እሱ በኦሮምኛ ይመልሳል። አንዱን መኪና ፈትቶ ዘይት የሚጠጣበትን ቦታ ሁሉ አሳያቸው። ራሱ ቀልዶ እስኪያስቃቸው ድረስ ማንም አልሳቀም።

እኔ አለቀስኩ። በደስታ ብቻ አይደለም። ሠላሳ ዓመት በትዳር ስንኖር አማርኛ ያወራኝ የነበረው ለእኔ ብሎ ነው። ከወሎ መጥቼ እዚህ ስኖር የእኔ ኦሮምኛ ከሽንኩርት ዋጋ አላለፈም። አፉ ሲታሰርበትም ያንኑ አማርኛ ነበር የምጠብቅበት። "ሊልሞ" ሲለኝ እንኳ ተቆጣሁት። እንዴት አፈርኩ!

እሑድ

ቁርስ ላይ ድፍረት አገኘሁና ሻይ ቀድቼ "ኮቱ፣ ሻሂ ዹጊ" አልኩት። ና፣ ጠጣ ማለቴ ነው።

አፈጠጠብኝ። ከዚያ ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ምነው፣ ተሳሳትኩ?" ብለው ባሰበት።

ሲበርድለት ወሬ ጀመረ፣ በኦሮምኛ። ስለ አባቱ ይመስለኛል፣ ስለ ግመሎችም። ግማሹ አልገባኝም። ሻዩ ቀዘቀዘ። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ አርዝሞ አውርቶኝ አያውቅምና፣ ምን ማለትህ ነው ብዬ አላቋረጥኩትም።