ምራቴ፣ ሚጢጢ እና የፓርኩ ቅዳሜ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ጠዋት መጋረጃ አጠብኩ። ገመድ ላይ ሳሰጣው አንዱ ጠርዙ ተተርትሯል። ነገ እሰፋዋለሁ... ነገ ስል ሦስት ወር ሆነኝ። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ ይተርፈዋል ያለው ማነው?

ከሰዓት ምራቴ ደወለች። ሚጢጢ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። ልደትሽን የት እናክብር ቢሏት፣ "ባቡርና ፈረስ ያለበት" አለች። ትልቁ የመዝናኛ ፓርክ መሆኑ ነው። ልጄ ቅዳሜ አይመቸውም፤ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያው ውስጥ ተረኛ ነው። "እማማ፣ የእኔ ሁለት ዓይን ብቻ አይበቃም። ይመጡልኛል?" አለችኝ።

እኔን? ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

ሚጢጢ ኦቾሎኒ አይስማማትም። "አይስማማትም" እንኳን ሲያንሰው ነው። ያኔ እኔ አላምንም ነበር። የዘንድሮ ወላጅ ሲያካብድ፣ በእኛ ጊዜ አለርጂ የሚባል የት ነበር እያልኩ... ባለፈው ዓመት እዚሁ ሳሎን ውስጥ ብስኩት ሰጠኋት። አንዲት ብስኩት ምን ታደርጋታለች ብዬ። ማሸጊያውን ገልበጥ አድርጌ እንኳን አላየሁም። ከንፈሯ አበጠ፣ ድምጿ ተዘጋ። ምራቴ ደርሳ መርፌውን ባትወጋት ኖሮ... አልጽፈውም።

አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ልጅቷን ለብቻዬ ትታልኝ አልሄደችም። በሁለቱም ልክ ናት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ምራቴ መጣች። ከቦርሳዋ ወፈር ያለ እስክሪብቶ የሚመስል ነገር ሁለት አወጣች። አንዱ እውነተኛው መርፌ፣ ሌላው መለማመጃ፣ ውስጡ ባዶ።

"ክዳኑን ይንቀሉ። ጭኗ ላይ፣ በጎን በኩል። ጠበቅ አድርገው ይጫኑና እስከ አሥር ይቁጠሩ። በልብሷ ላይ ቢሆንም ችግር የለውም።"

"በልብሷ ላይ?"

"ሱሪ ለማውለቅ ጊዜ የለም፣ እማማ።"

የገዛ ጭኔን አሥራ አራት ጊዜ ወጋሁ። ሚጢጢ አሻንጉሊቷን ይዛ መጣች፤ "እሷንም ውጊያት።" ወጋኋት። "አልቸኮልሽም፣ ጎበዝ" አለችኝ። አምስት ዓመት ሳይሞላት አለቃ ሆነችብኝ።

ምልክቶቹንም ተማርኩ። ሽፍታ ብቻ ከሆነ የአለርጂ ሽሮፑ። ሳል፣ የድምፅ መጎርነን፣ ማስመለስ፣ መዝለፍለፍ ከመጣ መርፌው። "ሲጠራጠሩ ይውጉ። ወግተው ቢሳሳቱ ምንም አይደለም። ሳይወጉ ቢሳሳቱ ግን..." አልጨረሰችውም። ምኑን ትጨርሰዋለች?

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሳይ አይጠፋኝም። የምራቴ ፋይል ሙሉ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

እነሱ ቤት ዋልኩ። ምራቴ ፓርኩ ወጥ ቤት ደወለች። አጠገቧ ተቀምጬ ሰማሁ።

እኔ ብሆን "ኦቾሎኒ ትጠቀማላችሁ?" እላለሁ። "የለም" ይሉኛል። አመስግኜ እዘጋለሁ።

እሷ ግን... "ድንቹ የሚጠበሰው በምን ዘይት ነው? በዚያው ዘይት ሌላስ ምን ይጠበሳል? የዶሮው ዱቄት ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው ወይስ እዚያው ነው የምታዘጋጁት? ማሸጊያው ላይ ምን ይላል?"

ሦስት ሰው ተቀያየረባት። ለሦስቱም ከመጀመሪያው ጀመረች። ድምጿ ከፍ አላለም። እኔ በሁለተኛው ላይ እፈነዳ ነበር። አራተኛው ራሱ ሼፉ ነው። "የማላውቀውን አውቃለሁ አልልዎትም። አይቼ ልደውልልዎት" አላት። ፊቷ በራ። "እንዲህ የሚል ሰው ነው የምፈልገው" አለች።

በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደወለ። እንዲህ ያለ ሰው አሁንም አለ?

ዓርብ፣ መጋቢት 19

ቦርሳው ተዘጋጅቷል። ሁለት እውነተኛ መርፌ፣ ሽሮፕ፣ እርጥብ ፎጣ፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ ቅያሪ ልብስ። አንድ ሕግ አለው። ሚጢጢ ካለችበት አይለይም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ደህና ናት። ሌላው ነገ።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ከየት ልጀምር? በተራው ልሂድ።

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ደረስን። ጥበቃው ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው አለ። ምራቴ አልተከራከረችም። ደብዳቤውን ዘረጋችለት። ሁለት ጊዜ አነበበው። "የእኔም ልጅ እንቁላል አይስማማውም" አለና ቦርሳውን በሁለት እጁ መለሰላት።

ከዚያ መጥረግ ተጀመረ። የባቡሩ ወንበር፣ መያዣው፣ የእንጨት ፈረሱ አንገት። አሥር ሰከንድ አይፈጅባትም። ሌሎቹ እናቶች "ምን ዓይነት ጽዱ ናት" በሚል ዓይን ያዩዋታል። ሚጢጢ እጆቿን ወደ ላይ ሰቅላ ትጠብቃለች፣ እንደተማረከ ወታደር። "አሁን?" "አሁን።" ጋለበች። ሳቋ ከሙዚቃው በላይ ይሰማ ነበር።

ከፈረሶቹ ወዲያ አንዲት ሴት ስኳር የተለበጠ ኦቾሎኒ ትሸጣለች። ምራቴ ከሩቅ አየቻት። ሳትደናገጥ መንገዱን ለወጠችው። "ዳክዬዎቹን በዚህ በኩል እንያቸው!" ሚጢጢ ዳክዬ ለማየት እየሄደች መሰላት። እኔም መስሎኝ ነበር።

ምሳ ላይ ሼፉ ራሱ ወጣ። ትልቅ ሰውዬ፣ ቆቡን ብብቱ ሥር ይዞ። በሌላ እጁ የካርቶን ሣጥን። የዘይቱ፣ የዱቄቱ፣ የጨው ሳይቀር ማሸጊያውን ሁሉ ሰብስቦ አስቀምጦላታል። "እኔን አይመኑኝ። እሱን ያንብቡ" አላት። አንድ በአንድ አነበበች። ቆሞ ጠበቃት፤ አንዴም ሰዓቱን አላየም። ከዚያ በአዲስ መጥበሻ፣ ለብቻው ጠበሰላት።

ሚጢጢ ቀና ብላ "ጋሼ፣ እጅህን ታጥበሃል?"

"ሁለቴ።"

"አሳየኝ።"

አሳያት። መዳፉንም፣ ጀርባውንም። በላች። ከነፍርፋሪው። ከቤቷ ውጭ ሰው የሠራውን ምግብ ስትበላ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ምራቴ አልበላችም፤ የልጇን አፍ በዓይኗ ትከተል ነበር።

ስምንት ሰዓት ገደማ ትንንሾቹ መኪኖች ጋ ሄድን። ምራቴ ቀይዋን መኪና ጠረገች፣ ሚጢጢን አስቀመጠቻት። ከጠዋት ጀምሮ መጸዳጃ ቤት አልሄደችም። "ሂጂ ልጄ፣ እኔ አለሁ" አልኳት። ቦርሳውን አየች። እኔን አየች። ሄደች።

ቀይዋ አልነሳ አለች። ተቆጣጣሪው ሚጢጢን አንስቶ ቢጫዋ ላይ አስቀመጣት። ፎጣው እጄ ላይ ነበር... አጥሩን አልፌ ልጠርግ ስል ደወሉ ተደወለ። "ቁም" ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሕዝቡ ፊት ለመጮህ አፈርኩ። የሆነው ሁሉ ለዚህ ነው እንግዲህ።

ሁለት ዙር ዞረች። ደስ ሲላት አውራ ጣቷን ትጠባለች። ጠባች። መሪው ላይ ኦቾሎኒ የበላ የማን ልጅ እጅ እንደነበረ እግዚአብሔር ይወቀው።

ስትወርድ ሳለች። አንዴ። ሌላ።

"አያቴ፣ ምላሴ ያሳክከኛል።"

ድምጿ ጎርንኗል። አቧራ ይሆናል አልኩ በልቤ። አንድ ደቂቃ ልያት... ከዚያ ይህን ድምፅ አወቅሁት። የራሴ ነው፤ ብስኩቱን የሰጠው ድምፅ። ሲጠራጠሩ ይውጉ።

አስተኛኋት። ክዳኑን ነቀልኩ። በሱሪዋ ላይ ተጫንኩ። ጮክ ብዬ እስከ አሥር ቆጠርኩ። ተቆጣጣሪው ማሽኑን አጥፍቶ አምቡላንስ ጠራ። እኔ እስክሪብቶዬን አውጥቼ መዳፌ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ። ለምን? እንጃ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀንና ሰዓት ሳልጽፍበት ያለፈ ወረቀት የለም።

ምራቴ ስትሮጥ አየኋት። ገፍታ ታነሳኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልገፋችኝም። በወዲያኛው በኩል ተንበረከከች።

"መቼ?"

መዳፌን ዘረጋሁ። 8፡17።

"እግሯን ከፍ አድርገው ይያዙልኝ" አለች። አለቀሰች? አላለቀሰችም። ሁለተኛውን መርፌ አውጥታ ይዛ የልጇን ትንፋሽ መቁጠር ጀመረች። እንደ ሥራ ባልደረባ ነው ያዘዘችኝ። ያዝኩ። የሚጢጢ ጉንጭ ቀስ በቀስ ቀለም ያዘ።

"አያቴ" አለች ሚጢጢ በዚያ ሻካራ ድምጿ፣ "እኔም አብሬሽ ቆጥሬያለሁ። ሰባትን ግን ዘለልኩት።"

ሐኪም ቤት እስኪመሽ አቆዩን። ነርሷ "ማን ነው የወጋት?" ብላ ጠየቀች። ምራቴ "እናቴ" አለች። አማቴ አላለችም። አልሰማሁም ብዬ ቦርሳውን አስተካከልኩ።

ሚጢጢ ስትተኛ ኮሪደር ላይ ነገርኳት። መናገር ነበረብኝ። "ቢጫዋን አልጠረግኩም። ፎጣው እጄ ላይ ነበር።"

"ሦስት ዓመቷ እያለ" አለች፣ "አውቶቡስ ውስጥ ደክሞኝ የመቀመጫውን መያዣ ሳልጠርግ ቀረሁ። ያን ቀንም ሐኪም ቤት ነበርን። ምክንያቱ አልታወቀም ብዬ ለባሌ ነገርኩት። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።"

እኔ እሷ ድንጋይ መስላኝ ነበር። ለካ በየቀኑ እየፈራች ነው ይህን ሁሉ የምትሠራው። ሳትፈራ ብትሠራው ኖሮ እንዲህ አደንቃት ነበር? አይመስለኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

መዳፌ ላይ የጻፍኩት ሰዓት አልለቅ አለ። በሳሙና ፈተግሁት። ከዚያ ተውኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ልጄ ቤት ራት ተጋበዝኩ። ልጄ እንደተኮሳተረ ነው። "ከእንግዲህ ፓርክ የሚባል ነገር የለም" አለ።

ምራቴ ሹካዋን አስቀመጠች። "አምስት ሰዓት ሙሉ ተጫውታለች። የታመመችው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚያ ስትል አምስቱን ሰዓት ልትነጥቃት ነው? የሚያስፈልገን ተጨማሪ ፎጣና 'ቁም' ብሎ የሚጮህ ሰው ነው። መጮህ ደግሞ እማማ ተምረዋል።" ሰረቅ አድርጋ አየችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረ፤ እናቴ ናት፣ ትደግፈኛለች ብሎ።

"እሷ ልክ ናት" አልኩት።

"እማዬ!"

"ልክ ናት አልኩህ።"

ሼፉ ደውሎ ነበር አሉ። ያሳመማት ምግቡ ይሆን ብሎ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቶ። ምራቴ አይደለም አለችው፤ የመኪናውን ነገር አስረዳችው። አሁን ተቆጣጣሪው ከየዙሩ በኋላ መሪዎቹን ይጠርጋል። ማን እንዳዘዘው ይታወቃል፤ ሼፉ ፋታ አልሰጣቸውም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ባለሱቁ "ዳኛዋ መጡ" ይለኛል አሁን። መነጽሬን አድርጌ ማሸጊያ ሁሉ ስለማነብ። ይበለኝ። አንድ ጊዜ እሱ ራሱ የማያውቀውን ኦቾሎኒ አሳይቼዋለሁ፣ ሾርባ ውስጥ።

ዛሬ ምራቴ የሥራ ስልጠና አለባት፣ እስከ ማታ። ልጄ ተረኛ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ሚጢጢ ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ አልፋኝ ገባች። ምራቴ ቦርሳውን በበሩ እጀታ ላይ ሰቀለችው።

ቆሜ ጠበቅኩ። ዝርዝሩን፣ ማስጠንቀቂያውን፣ የሐኪሙን ስልክ... መነጽሬን ሳይቀር አድርጌ።

"ምነው?" አለችኝ።

"ዝርዝሩስ?"

"ለእርስዎ?" ሳቀች። ጉንጬን ሳመችኝ። "ረፍዶብኛል፣ እማማ። ደህና ዋሉ።"

ወረደች። እኔ ሮጬ መስኮት ላይ ቆምኩ። ዞር ብላ ታያለች ብዬ፣ በእጄ "አይዞሽ" ልላት። ግቢውን አቋረጠች። መንገዱን ተሻገረች። ጥግ ላይ ደረሰች።

አንድ ጊዜ እንኳን ዞር አላለችም።