ተሻለኝ ያልኩባቸው ቀናት

የካቲት 11፣ ረቡዕ። ጠዋት 12፡50

ሻይ ጥጄ ተቀምጫለሁ። አንድ እግሬ ጫማ አድርጓል። ሌላው ጫማ አልጋ ሥር ነው። ለማጎንበስ አቅም እስካገኝ እየጠበቅኩ ነው።

ደብተሬ፣ ሦስት ሳምንት ዘጋሁሽ፣ አትቀየሚኝ። የሚጻፍ አልነበረም። ደከመኝ፣ ተኛሁ፣ ተነሳሁ፣ ደከመኝ። በቃ።

ማሂ ትናንት የቫይታሚን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ማሂን መቼም ታውቂያታለሽ፣ የሟች እህቴ የአልማዝ ልጅ። ብልቃጡ ቢጫ ክዳን አለው፣ ጽሑፉ የፈረንጅ። በቀን አንድ፣ ከምግብ ጋር። ኃይል ይሰጣል ይላል። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኳትም። መጠየቅም ጉልበት ይፈልጋል። ቀኑን ብቻ አየሁ፤ መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ቀን ሳያይ አይውጥም። 09/2018 ይላል። ዘጠነኛው ወር ግንቦት። ገና ሦስት ወር አለው፣ ደህና ነው።

አፉ ላይ ያለውን ብርማ ወረቀት በጥርሴ ቀደድኩትና አንዱን ከቂጣ ጋር ዋጥኩ። የባቄላ ፍሬ ያህላል።

ዶክተሩ የጻፈልኝ የደም ምርመራ ወረቀት አሁንም አንቺ ውስጥ ነው፣ የኋላው ሽፋንሽ ላይ። ሁለት ወር ሆነው። አልሄድኩም። አልማዝንም በድካም ነው የጀመራት። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው "ኩላሊት" ነው። ከዚያ በታች ያለውን አላነበብኩም።

የካቲት 16፣ ሰኞ። ምሳ ሰዓት፣ መ/ቤት

ከታክሲ ወርጄ እስከ መ/ቤት ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ካዛንቺስ ድሮ የምደገፍበት የግንብ አጥር ነበር። ፈርሷል። አሁን መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ብዙ ነው፣ መደገፊያ የለም። ስልክ የሚያወራ ሰው መስዬ ቆምኩ።

ጋሽ ወርቁ (አብሮኝ መዝገብ ቤት የሚሠራው፣ ጡረታው የደረሰ) ብልቃጡን አይቶ የጾም ነው የፍስክ ብሎ ጠየቀኝ። የፈረንጅ ጽሑፍ ነው፣ አላውቅም አልኩት። እንግዲያውስ ባለማወቅሽ ይታለፍልሻል አለኝ። ድካሜንም በጾም አሳቦታል። ሁሉም ሰው በጾም ያሳብበዋል። ለእኔም ተመችቶኛል። ጾሙ ከገባ ስምንት ቀኑ፣ እኔ ከደከመኝ ስድስት ወሬ፣ ግን ማን ይቆጥራል።

ሽንቴ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ለማሂ ነገርኳት። ይሄማ መሥራቱ ነው አለች፣ ደስ አላት።

የካቲት 19፣ ሐሙስ። ከሥራ በኋላ

ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ሳልቆም ወጣሁ። እውነት ነው፣ ራሴ ነኝ የወጣሁት። ፀሐፊዋ ወዝሽ መጣ አለችኝ። ቫይታሚኑ ነው? ወይስ ትናንት በጊዜ ስለተኛሁ? ወይስ ወዝሽ መጣ ስለተባልኩ? አላውቅም። ግን ሰው ኪኒን ውጦ ከሳምንት በኋላ የሚያስበው ስለ ኪኒኑ ብቻ ነው። ደህና ቀን የእሱ ነው። መጥፎ ቀን ሲመጣ ደግሞ ገና ሰውነቴ ውስጥ አልገባም ይባላል። እንዲህ ከሆነ መቼም አይሸነፍም።

ማሂ ተሻለሽ አለችኝ። ተሻለኝ አልኳት። ሳህኑን እያጠበች ነበር፣ ማንጎራጎር ጀመረች። ይቺ ልጅ ካንጎራጎረች ቆይታለች።

አልማዝም በቫይታሚን ተሽሏት ነበር። ደከመኝ ስትለኝ ሐኪም ዘንድ አልወሰድኳትም። ከውጭ በመጣ ሰው ቫይታሚን አስመጥቼ ሰጠኋት። ታላቅ ነኝ፣ የማውቅ መስሎኝ። ስደውልላት ተሻለኝ፣ ጉልበት ሰጠኝ፣ እግዜር ይስጥሽ ትለኝ ነበር። አራት ወር እንዲህ አለችኝ። በአምስተኛው ሆስፒታል ገባች፤ ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ለማሂ የምነግራት፣ ቢያንስ ያን አራት ወር ቫይታሚኑ አቀለላት እያልኩ ነው። ለራሴም የምነግረው ይሄንኑ ነው።

የካቲት 26፣ ሐሙስ። ጠዋት 1፡15

ምንም። ትናንት ፋይል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ጉንጬ ላይ የማህተም ቀለም ይዤ ወጣሁ። ሳቁ። አብሬ ሳቅኩ። ካልሲዬን ሳወልቅ ጠርዙ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጎድጉዶ ይቀራል። በጣቴ እጫነዋለሁ፣ ቶሎ አይመለስም። መፍራት ነበረብኝ። የማየው የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል።

ማሂ ተሻለሽ? ተሻለኝ።

የካቲት 30፣ ሰኞ። ማምሻውን 12 ሰዓት

ጋሽ ወርቁ ዛሬ መነጽሩን አድርጎ ብልቃጡን ቁጭ ብሎ አነበበው። ሥራ አልነበረም። ከዚያ ገነት፣ ይሄ እኮ እ.ኤ.አ. ነው አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። የፈረንጅ 2018። በእኛ መስከረም 2011 ላይ አልፎበታል። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ሃያ ዓመት ሥራዬ ይሄ ነው። በየደብዳቤው ቀን ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብዬ እጽፋለሁ። አንድም ፋይል ተሳስቼ አላውቅም። የምውጠውን ተሳሳትኩ።

ስመለስ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ልጅቷ ትሁት ናት፣ እርስዎ እያለች። ጊዜው ያለፈበት ቫይታሚን ብዙ ጊዜ መርዝ አይሆንም፣ ግን አቅሙ ምን ያህል እንደቀረ አይታወቅም፣ ይጣሉት አለችኝ። አዲሱስ ይሠራል ወይ አልኳት። የጎደለ ነገር ካለ የጎደለውን ይሞላል፣ ካልጎደለ በሽንት ይወጣል አለች። የእርስዎ ምን እንደጎደለ ታይቷል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልታየም አልኩ። ድካም ብዙ ምክንያት አለው፣ ሳይመረመሩ እኔም ምንም ባልሸጥልዎ ይሻላል አለች። ሻጭ ሆና እንዲህ አለች። አመስግኜ ወጣሁ።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ። ጠዋት 12፡20

ትናንት ማሂ ስትገባ ጠየቅኳት። ብልቃጡን ከየት አመጣሽው? ተቆጣሁ መሰላት። ከእማዬ ሻንጣ ነው አለች። ልብሷን ለነዳያን ልትለይ ስትከፍተው ከነጠላዋ ሥር አገኘችው። እማዬ በሱ ተሽሏት ነበር ስለምትዪ ነው፣ ቀኑም ገና ነው ብዬ አለች። ገዛሁት አላልኩሽም፣ አልጠየቅሽኝም አለች። እውነቷን ነው።

ማሂ ከተኛች በኋላ እንኳ አልገባኝም ነበር። አሁን ፊቴን ስታጠብ ነው የገባኝ።

ብርማውን ወረቀት የቀደድኩት እኔ ነኝ። በጥርሴ።

አስመጥቼ የሰጠኋት አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው። አልማዝ አልከፈተችውም። አንዲት ፍሬ አልዋጠችም። አራት ወር ሙሉ ተሻለኝ ያለችኝ ለእኔ ብላ ነው። ጠያቂ ሲመጣ ታማሚ ተሻለኝ ይላል፣ ወግ ነው። መድኃኒቱን ያመጣው ራሱ ጠያቂው ከሆነማ ምን ሊባል ነው። ምናልባት ፍሬው ትልቅ ሆኖባት ይሆናል። ምናልባት ልትውጠው ስትል እኔ ደውዬ ተሻለሽ ወይ አልኳት፣ ከዚያ በኋላ ምን ያስፈልጋል።

ማልቀስ ያለብኝ ይመስለኛል። ፎጣውን ይዤ ጠበቅኩ። አልመጣም። ወደ ሥራ ሄድኩ፣ ማለቴ እየሄድኩ ነው።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ። ከምሳ በፊት፣ መ/ቤት

ለጋሽ ወርቁ ስለ ምርመራው ወረቀት ነገርኩት። ስለ አልማዝ አልነገርኩትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አለኝ። ይሄን ተረት ልጅ ሆኜም አውቀዋለሁ። ማወቅ ምንም አያደርግም።

ራሴን ጠየቅኩ፣ ምርመራውን ነው የምፈራው? አይደለም መሰለኝ። የምፈራው ማሂን ነው። ውጤቱን ይዤ ስገባ የምታየኝን አስተያየት። እናቷን ስትቀብር አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከእኔ በቀር የሚጠብቃት ሰው የለም። ስለዚህ ተሻለኝ እላታለሁ። ልክ እንደ እናቷ ማለት ነው። ምንም ሳይቀየር።

ይሄን ጽፌ አየሁት። ደነገጥኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ የተሰማኝ ነገር ይሄ ነው።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ። ረፋዱ 4 ሰዓት

ሽሮ ቀርቦ ነበር። ማሂ ተሻለሽ አለችኝ። አፌ ለምዷልና "ተሻ" ብሎ ጀመረ። አቆምኩት። አልተሻለኝም አልኳት። መቼም አልተሻለኝም። እግሬን አሳየኋት። ወረቀቱን ከአንቺ አውጥቼ ሰጠኋት። የእናቷንም ብልቃጥ ነገርኳት፣ ሁሉንም።

አነበበች። ከዚያ እጇን ሳትታጠብ ተነሳች። ጮኸችብኝ፣ ማሂ ጮኻ አታውቅም። "እማዬ እንዲህ አደረገችኝ። አንቺም ልትደግሚኝ ነው፣ እትዬ? ደህና ነኝ እያላችሁ ነው እኮ የምትሞቱብኝ!"

በሩን ዘግታ ወጣች። ሽሮው ቀዘቀዘ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰች፣ ዓይኗ አብጧል። ለሰኞ አስፈቅዳለሁ አለች። የምትሠራበት ካፌ ካልፈቀደላት ከሥራ እንደምትቀርም ነገረችኝ። እሺ አልኳት።

መጋቢት 7፣ ሰኞ። ጠዋት 3፡40፣ ክሊኒክ

ደም ሰጠሁ። ሦስት ብልቃጥ። የቀዳችው ልጅ ምን ይሰማዎታል አለችኝ። ደከመኝ አልኩ፣ ስድስት ወር ሆነኝ፣ እግሬ ያብጣል። አንድም አልቀነስኩም። ጻፈችው።

ውጤቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ማሂ ከጎኔ ናት። ምን እንደምባል አላውቅም። ምን እንደምላት ግን አውቃለሁ፣ የተባልኩትን ነው የምላት። ዓይኔ እያፈሰሰ ነው፣ ወረቀቱን እያረጠብኩብሽ ነው ደብተሬ፣ ይቅር በይኝ።

ማሂ አየችኝ። ጻፊ አላለችኝም፣ ተይውም አላለችኝም። እጄን ልትይዘው እጇን ዘረጋች። የምጽፍበትን እጄን ያዘ—