«መጣሁ» ስንት ደቂቃ ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ እኛ የትራፊክ ቢሮ ሠራተኞች ከአካባቢው ነጋዴዎች ጋር ተሰብስበን ለኮልፌ 18 ማዞሪያ የፓርኪንግ ዋጋ አወጣን። መኪናው በቆየ ቁጥር ክፍያው እንዲጨምር ወዲያው ተስማማን፤ ያጨቃጨቀን በነፃ የሚሰጠው የመጀመሪያው ጊዜ ነው። እኔ «አምስት ደቂቃ ይበቃል» አልኩ። ልብስ ቤት ያላቸው ጋሽ ታደሰ ግን፣ «የኔ ልጅ፣ ሾፌሩ ሁሉ የሱቄ በር ላይ አቁሞ ‹መጣሁ› ብሎኝ ነው የሚሄደው። እስቲ ‹መጣሁ› ስንት ደቂቃ ነው?» አሉኝ። ሳቃችን አልቆም አለ። በመጨረሻ ሩብ ሰዓት ብለን ተለያየን።

ማታ ባለቤቴ «ዳቦ ልግዛ፣ መጣሁ» ብሎኝ ወጣ። ሩብ ሰዓቱ ካለፈ ቆየ። እራቱ ቀዝቅዟል፤ እሱ ከጎረቤት ጋር ደጅ ቆሞ ሲስቅ ይሰማኛል። ሌላ ቀን ቢሆን ወጥቼ እጮህበት ነበር። ዛሬ ግን ደስ ብሎኛል፤ በነፃ ይቁም።