ይቅርታ ያልከው ቃል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እኛ ደኅና አይደለንም።

የእንጨት መሰንጠቂያው ድርጅት ለአባባ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ የላኩልህ ጊዜ፣ በስልክ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ይቅርታ ጠይቀውታል፤ ፍትህ አግኝቷል። ከእንግዲህ ምንም ማድረግ አያስፈልግም።» አባባ መጋዙ ሦስት ጣቶቹን ከወሰደበት ወዲህ እንደዚያ ቀን ፊቱ ሲፈታ አላየሁም። እሱ ከይቅርታ ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ጢሙን ተላጨና ደብዳቤውን በደረት ኪሱ ይዞ ወደ ድርጅቱ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ሥራ አስኪያጁን በድሮ ባልደረቦቹ ፊት አገኘው። ደኅነኛ እጁን ዘርግቶ «እኔም ይቅር ብያችኋለሁ» አለው።

ሰውየው እጁን ከኪሱ አላወጣም። «ማን ይቅርታ ጠየቀህ? የሚያነብልህ ሰው የለም እንዴ?»

አንዱ ሳቀ። አባባ መሬት መሬቱን እያየ ወጣ።

በማግስቱ ደብዳቤውን ለፍርድ ቤት አስተርጓሚዋ ወሰድኩት። ሁለቴ አነበበችው።

«‹ሪግሬት› ማዘን ነው» አለችኝ። «ግን እንዲህ ባለ ደብዳቤ ላይ ሲገባ፣ ዝናብ መታህ ወይ ብሎ እንደሚያዝን መንገደኛ ነው። አጥፍተናል አላሉም። እንዲያውም ከሥሩ ‹ጥፋቱን ሳናምን› ብለው ጽፈዋል።»

«ፍትህ የሚለውስ?»

«‹ለፍትህ ሲባል ጉዳዩ ተዘግቷል› ይላል። ለጆሮ ደስ ይላል፤ ሐሳቡ ግን ዳግመኛ አትምጡብን ነው።» ከዚያ ቀኑን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አቤት ለማለት ሠላሳ ቀን ነበራችሁ፣ እህቴ። አልፏል።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባላውቅ አይፈረድብኝም። አንተ ግን ስድስት ዓመት ሕግ የተማርከው በዚሁ ቋንቋ ነው። ክስ መከታተል ታክቶህ ነው? ወይስ ሽማግሌው ደስ ይበለው ብለህ አዝነህለት? አዝነህለት ከሆነ ይብሳል።

አባባ ለጠየቀው ሁሉ «ልጄ ቸኩሎ ነው ያነበበው፤ ሥራ ይበዛበታል» ይላል። አንተን ለሰው አሳልፎ አይሰጥም። እሑድ ስትደውል ግን ተኝቷል ያልኩህ ውሸቴን ነው። አጠገቤ ተቀምጦ፣ ስልኩን እንዳልሰጠው በእጁ እየከለከለኝ ነበር።

«ዕድሜና ጤና ይስጥህ በይው» ብሎኛል፤ አድርሻለሁ። ከራሴ የምጨምረው የለኝም።

እህትህ