ጎርፉ ሲጎድል

ሜይ 14፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ጃንጥላዬን ባቡር ውስጥ ረስቼ ቢሮ በስብሼ ገባሁ። ቶዳ ጠረጴዛው ላይ ተጎልቶ ኑድል ይስባል... ያ ድምፁ! ዜማ ደራሲ አጠገብ እንዲህ ይበላል?

አዲሱን ዘፈን ሰጠሁት። ስሙን "ጎርፉ ሲጎድል" ብዬዋለሁ። እኔ ዜማውን እሠራለሁ፤ እሱ ደግሞ ከስክሪኑ አናት ወደ ታች የሚወርዱ ምልክቶች ያደርገዋል። ምልክቱ መስመሩን ሲነካ ተጫዋቹ ቁልፉን ይመታል። ከሳተ ዕድሜው ይቀንሳል፤ ካለቀ ዘፈኑ ይቋረጣል። እንጀራችን ይኸው ነው። እናቴ ስትጠይቀኝ "ለማሽን ሙዚቃ እሠራለሁ" እላታለሁ። "ለልብስ ማጠቢያ?" አለችኝ አንዴ። ከልቧ ነው።

ቶዳ አንድ ጊዜ አዳመጠና ማዳመጫውን አወለቀ።

"መምህር፣ የሰው ልጅ ስንት ጣት እንዳለው ታውቂያለሽ?"

"አሥር።"

"ይሄን ስትጽፊ ግን ረስተሽዋል።"

መምህር የሚለኝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስለገባሁ ነው። ሊያበሽቀኝ። ለኦርኬስትራ የጻፍኩት አንድ ቀን ተሰማ፣ ዘመድ አጨበጨበ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ነኝ።

ሜይ 24፣ ዓርብ

ቶዳ ጨርሶ ጠራኝ። መብራቱን አጥፍቶ ስክሪኑን ከፈተ።

ዜማዬን አየሁት። በዓይኔ! ወፍራሙ ድምፅ እንደ ሰፊ ሰማያዊ ጣውላ እየተንሳፈፈ መጣ። ቫዮሊኖቹ እንደ ካፊያ ወረዱ። ስንት ወር ጭንቅላቴ ውስጥ የተሸከምኩት ነገር ቅርፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ መሰለኝ፣ "ዝንብ ይገባል" አለኝ።

መሃል ላይ ሁሉም ጸጥ ብሎ ዋሽንት ብቻውን የሚዘፍንበት ቦታ አለ። ከጻፍኩት ሁሉ የምወደው። እዚያ ጋ ስክሪኑ ባዶ ነው። አንድም ምልክት የለም።

"ምነው?"

"እዚህ እጅ ይረፍ። ጆሮ ይስማ።"

አንዳንዴ ይሄ ሰውዬ... በቃ አንዳንዴ።

ጁን 1፣ ቅዳሜ

የሙከራ ማሽኑ ቴንጂንባሺ ገበያ ውስጥ ካለው የጨዋታ ቤት ቆመ። ከውጭ ታኮያኪ የሚባለው የኦክቶፐስ ጥብስ ሽታ፣ ከውስጥ ጩኸት። ዘፈኔን የመረጠ ሁሉ ወደቀ። አንዱ ተማሪ ሳቀና እጁን እያራገፈ ለጓደኛው "ይሄን የሠራው ሰው ጤነኛ አይደለም" አለ። አጠገቡ ቆሜ። እኔው ነኝ ልበለው?

አለቃችን አኩትሱ ከኋላ ሆኖ ሲያይ ቆየ።

"ኦሪዬ ሳን፣ ሙከራው በወሩ መጨረሻ ያልቃል። እስከዚያ ማንም ካልጨረሰው ከማሽኑ ይወጣል።"

"ከባድ ዘፈን ይሁን ያሉት እርስዎ ነበሩ እኮ።"

"ከባድ አልኩ። ተጫዋች የሚያባርር አላልኩም።"

ይወጣል። ማለትም ማንም አይሰማውም። እንደዚያ የኦርኬስትራ ሥራዬ። ድጋሚ።

ጁን 5፣ ረቡዕ

ዛሬም ማንም።

ጁን 8፣ ቅዳሜ

አንዲት ሴት መጣች። በኔ ዕድሜ ትሆናለች። ግራጫ የሥራ ሸሚዝ። ሌሎቹ ተጫዋቾች ማዳመጫቸውን ማሽኑ ላይ ይሰካሉ፤ እሷ ምንም አልሰካችም። ከመጀመሯ በፊት መዳፎቿን የቁልፍ ገበታው ላይ ዘርግታ ትንሽ ቆየች። የፈረስ አንገት እንደሚዳብስ ሰው።

ከዚያ ጀመረች። ወይ ጉድ... እጆቿ! ፍጥነት አይደለም፣ ፈጣን ብዙ አይቻለሁ። ክብደት አላቸው። የምሬን የጻፍኩትን በምሯ፣ በቀልድ የጻፍኩትን በቀልድ ትመታለች። ሰው ተሰበሰበ። መጨረሻው አካባቢ ወደቀች። ሳትበሳጭ ተመልሳ ሰልፍ ያዘች።

ከኋላዋ "በርቺ!" አልኳት። ዞር አላለችም። ኩራተኛ ናት አልኩ በልቤ።

ቶዳ ክንዴን ነካ አደረገኝ። "አልሰማችሽም። መስማት አትችልም።"

"ማን?"

"እሷ ናታ። ሠራተኛው ነገረኝ። ስትወለድም እንዲሁ ነበረች።"

ጁን 9፣ እሑድ

ቤት ዋልኩ። ልብስ አጠብኩ። ሌላ ነገር ላስብ አልቻልኩም። የማትሰማ ሰው... ታዲያ ምኑን ነው የተጫወተችው? የኔን ሙዚቃ ወይስ የቶዳን ምልክት? ምልክት ብቻ ከሆነ ያ ቀልድ ከየት መጣ? ምልክት ላይ ቀልድ የለም። ቀልዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጁን 15፣ ቅዳሜ

አናገርኳት። ቺጉሳ ትባላለች። ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ቀስ ብለው ካወሩ ከንፈር ታነባለች፤ መልሷን ስልኳ ላይ ጽፋ ታሳያለች። ዘፈኑ የኔ ነው አልኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ጻፈች፦

"ጣቴን የሚጨርሱት እርስዎ ነዎት እንዴ?"

ሳቋ ድምፅ አለው። ጎላ ያለ፣ ማንንም የማያፍር።

እንዴት ነው የምትጫወቺው አልኳት። እጄን ይዛ ገበታው ላይ አስቀመጠችውና ዘፈኑን ከፈተች። በሌላው እጄ አንድ ጆሮዬን ደፈንኩ፤ ሌላውን ጆሮዬን ትከሻዬ ላይ አጣበቅሁ። ስፒከሩ ከገበታው ሥር ነው። ወፍራሙ ድምፅ በክንዴ ወጥቶ ደረቴ ውስጥ ገባ። ከበሮው አንጓዬን አንኳኳ። የጻፍኩትን ሁሉ አውቀዋለሁ እል ነበር... ይሄን ግን አላውቀውም። ውስጡ ሌላ ዘፈን ነበረው። እንግዳ ሆንኩ፣ በገዛ ቤቴ!

ዋሽንቱ ጋ ስንደርስ ገበታው ዝም አለ። ጭጭ። እጄ ሥር ፕላስቲክ ብቻ።

ጻፈች፦ "እዚህ ጋ ማሽኑ ይሞታል። የመጀመሪያ ቀን ተበላሽቷል ብዬ ሠራተኛ ጠርቼ ነበር። ምን አለ እዚህ?"

ስልኳን ተቀበልኩ። "ቆንጆ ዜማ" ብዬ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። "ዝምታ" አልኩ። ውሸት ነው፣ እሱንም አጠፋሁ። መጨረሻ ላይ "ዋሽንት ብቻውን ይዘፍናል" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፣ በትህትና። ሰው የማያውቀው አገር ፎቶ ሲያሳዩት እንደሚያደርገው።

የምወደው ቦታ... ለሷ የሞተ ቦታ ነው።

ጁን 17፣ ሰኞ

አኩትሱ ጋ ገባሁ። ስለ ቺጉሳ ነግሬው መሃሉን ልቀይረው አልኩ።

"አንድ ተጫዋች ስለጠየቀች?"

"አልጠየቀችም። እኔ ነኝ።"

"ዘፈኑ ራሱ ሊወጣ ነው እኮ፣ ኦሪዬ ሳን።"

"የሚወጣ ከሆነ ብቀይረው ማንን ይጎዳል?"

ጭንቅላቱን አከከ። "እስከ ዓርብ። ከዚያ በኋላ እንዳትነካኪው።"

ጁን 19፣ ረቡዕ

ዋሽንትን ለመዳፍ እንዴት ይጽፉታል? ከሥሩ ከበሮ ጨመርኩ፤ ሰው በር የሚደበድብ መሰለ። አወጣሁት። ሌላ፣ ሌላ... ሁሉም ቆሻሻ።

ከምሳ በኋላ የዋሽንቱን ዜማ ራሱን ወስጄ እስከ ታች፣ ጆሮ ከቁም ነገር እስከማይቆጥረው ድረስ አወረድኩት። ቶዳ ሳቀብኝ። "መዳፍ ከፍታና ዝቅታ አይለይም። ንዝረት ንዝረት ነው።"

"ዝም ብለህ እጅህን አምጣ።"

ጆሯችንን በጥጥ ደፍነን፣ እርስ በርስ ሳንተያይ፣ ገበታው ላይ አጎንብሰን ቆምን። ያየን ጸሎት ላይ ያለን ይመስለዋል።

ይለያል! ዜማው ሲወጣ ንዝረቱ ወደ ጣቶቼ ጫፍ ሸሸ። ሲወርድ በክርኔ በኩል ወጣ። እስትንፋስ የሚወስድበት ቦታ ላይ እጄ ራሱ እስትንፋስ ወሰደ። ቀና ስል ቶዳም ቀና አለ፤ ጥጡን ሳያወጣ "እህ..." ብሎ ቀረ። ቶዳ ቃል ያጣበት ቀን!

እዚያ ቦታ ላይ አሁን ምልክት ታደርግበታለህ ወይ አልኩት።

"በፍጹም። እጇን ሥራ ካስያዝኩት በምን ትስማ?"

ጁን 22፣ ቅዳሜ

ነገሩን አልነገርናትም። ቺጉሳ ተራዋ ደረሰ፤ እንደ ልማዷ ገበታውን ዳበሰችና ጀመረች። እኔ ከጎን ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ።

መሃሉ መጣ። እጆቿን ልታነሳ ነበር። ቆመች። ከዚያ ሁለቱንም መዳፏን ለጠፈች፣ እስከ አንጓዋ። ዓይኗን ጨፈነች። ዋሽንቱ ዘፈነ፣ አለቀ፣ ምልክቶቹ እንደ ጎርፍ ተመለሱ... እሷ ግን አልተነሳችም። ተጫዋቹ ሁሉ "እጅሽ! እጅሽ!" ብሎ ጮኸ፤ ለማን? ምልክቱ ሁሉ አለፋት። ማሽኑ "ወደቁ" አለ።

ዓይኗን ስትገልጥ እርጥብ ነበር። ስልኳን አወጣች።

"ዋሽንት የሚባለው ይሄ ነው?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ሌላ ጨመረች፦

"ትንሽ ነገር ይመስለኝ ነበር።"

 

ጁን 29፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ቀን። ማሽኑ ፊት ሰልፉ እስከ በሩ። የሚገርመው፣ ያቺ መሃል ላይ ሲደርሱ ማዳመጫ ያላቸው ልጆች እንኳ አወለቁት። መዳፋቸውን ያስቀምጣሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ እሷን አይተው ነው። ከዚያ ይወድቃሉ። እየሳቁ ተመልሰው ይሰለፋሉ።

ቺጉሳም ወደቀች። ለጥቂት። ማንም አልጨረሰውም።

አኩትሱ ሊያስወጣው መጥቷል። ሰልፉን አየ። እንደ ማንኛውም ሰው ተራውን ጠበቀ፤ ሳንቲሙን ከተተ፤ አንድም ቁልፍ አልመታም። ቶሎ እንዳይቋረጥበት ቺጉሳና አንድ ተማሪ ከግራና ቀኝ ይመቱለት ነበር። መሃሉ ሲደርስ ሁለቱም እጃቸውን ሰበሰቡለትና መዳፎቹን ብቻውን አስቀመጠ። ጀርባውን ነው ያየሁት። ዋሽንቱ ካለቀ በኋላ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ዞሮ ኮቱን አስተካከለ።

"ይቆያል" አለ። "ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ።"

ጁላይ 20፣ ቅዳሜ

ሙቀት። ጭርጭርታ የሚያሰሙት ነፍሳት ከተማውን ሞልተውታል። ቺጉሳ ማክሰኞ ዕለት ጨረሰችው። አልነበርኩም። የላከችልኝ ጽሑፍ፦ "ጨረስኩልሽ። አሁን ሌላ ጻፊ፣ ሰነፍ።" እርስዎ ማለቱ ቀርቷል።

ዛሬ እኔን ማሽኑ ላይ ገትራ "የራስሽ ነው፣ ተጫወቺ" ብላ ስልኳን አሳየችኝ። ጀመርኩ። ሩብ ሳልደርስ ወደቅሁ። ከኋላ ያሉት ልጆች "ደራሲዋ ወደቀች!" ብለው አፌዙብኝ። ድጋሚ። እዚያው ላይ።

ጻፈች፦ "ከጆሮሽ በኋላ ነው የምትመቺው። ጆሮ ይዘገያል።"

ሌላ ሳንቲም ከተተች። ከኋላዬ መጥታ በሁለት እጇ ጆሮዎቼን ደፈነች፣ ጥብቅ አድርጋ። መዳፎቿ ሞቃት ናቸው፤ የጥርስ ዱቄት ይሸታሉ። ጨዋታ ቤቱ ጠፋ። ልጆቹ ጠፉ። ከክንዴ ሥር ከበሮው መጣ፣ ቀጥሎ ወፍራሙ... እጆቼ ቀደሙኝ። ሩቡን አለፍኩ። ግማሹን አለፍኩ። እንዴት እንደሆነ አልጠይቅም።

ገበታው ጸጥ አለ። መዳፎቼን አስቀመጥኩ።

ቺጉሳ እጇን ከጆሮዬ አላነሳችም። እኔም እንድታነሳ አልፈለግሁም።