በአርባ አምስት ዓመትሽ ስለወለድሽኝ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ለእህቴ ደብዳቤ ስታጽፊኝ ሁልጊዜ በሰላምታ ስለምታስጀምሪኝ ለምዶብኝ ነው። ከቀበርንሽ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀን ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ እህቴም ትናንት ወደምትሠራበት አገር ተመለሰች።

ሻንጣዋ አልዘጋ ብሎን ሁለታችንም ላዩ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ "አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሐኪሙ አሁንም መውለድ ትችያለሽ ብሎኛል። ግን ልጄን እንዳንተ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ብቻውን ባስቀረውስ?" አለችኝ።

መልሱን አንቺ ብትሰጫት ይሻል ነበር። እኔ ግን የትምህርት ቤታችንን ዘበኛ አነሳሁላት። "አያትህ መጥተዋል!" ብሎ ሲጠራኝ፣ "አያቱ ቤት ናት፤ እኔ ታናሽ እህቷ ነኝ" ያልሽውን ስነግራት ሳቀች።

"ያኔ እማዬ ዕድሜዬ ሄዷል ብላ ብትተወው ኖሮ እኔ የለሁም" አልኳት። "ከእሷ ጋር የኖርኩት አጠረኝ እንጂ አልጎደለኝም። ውለጂ። አንቺ ስትደክሚ አጎቱ አለለት።"

"አጎትየው መጀመሪያ አፍንጫውን ይጥረግ" አለችኝ፣ የራሷን እንባ እየጠረገች። እሺም እንቢም ሳትለኝ ሄደች። እስቲ አንቺም ካለሽበት ሆነሽ መርቂያት።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። ቁርስ ሳልቀምስ ከቁም ሣጥንሽ የሕፃንነት ልብሶቼን አውጥቼ አጠብኩና ግቢ ውስጥ አሰጣኋቸው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ ብቅ ብላ፣ "አንተ! ወለድክ እንዴ?" አለችኝ።

"እህቴ እያሰበችበት ነው" አልኳት፤ "እስከዚያ ይድረቅ ብዬ ነው።"