ከኦፕሬሽኑ በፊት ያዘጋጀሽኝ

ውድ ልጄ ኢፍቱ፣

ወደ ነቀምት ከተዛወርሽ በኋላ የሆንኩትን ማንም እንዳልነገረሽ ስለገመትኩ ነው ይህን የምጽፍልሽ። አስቀድሜ ልንገርሽና ይቅለልሽ፤ ከኦፕሬሽኑ በሰላም ወጥቻለሁ።

መጀመሪያ ክፍልሽ የገባሁበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ። ሠላሳ ዓመት ሚኒባስ የነዳሁ ሰውዬ፣ ሱሪዬ አልይዝ ብሎኝ በአንድ እጄ ጨብጬ፣ በሌላው ባለቤቴን የኔነሽን ተደግፌ ነበር። እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ስላለ በሆዴ በገባ ቱቦ ነበር የምመገበው። ሐኪሙ “ለኦፕሬሽኑ ይጠንክር” ብሎ ወደ አንቺ፣ ወደ ሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ላከኝ።

“ጋሽ ዳኛቸው፣ ምን እንደያዘዎት ያውቃሉ?” አልሽኝ።

“የጉሮሮ ቁስለት።” ቤተሰቤ የነገረኝ ይህንኑ ነበር።

የኔነሽን ወደ ኮሪደር ጠራሻት። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማኋችሁ።

“ካንሰር መሆኑን ካወቀ በድንጋጤ ይሞትብኛል” አለችሽ እያለቀሰች።

“እናቴ፣ ምን እንደሚገጥማቸው ሳያውቁ እንዴት ላዘጋጃቸው? እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል። እኔን ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም።”

የበሽታዬን ስም የሰማሁት እንዲያ ነው። ቤት ገብቼ አምስት ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ኦፕሬሽኑም ይቅርብኝ አልኩ። ልናዘዝልሽ፤ ያን ሰሞን ረግሜሻለሁ።

በስድስተኛው ቀን፣ በዕረፍትሽ፣ ሳንሱሲ ድረስ መጣሽ። አልመከርሽኝም፣ አልተቆጣሽኝም። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠሽ “በጣም የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?” ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይህንን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

“ደረቴ ተከፍቶ እዚያው መቅረት። ሊሆን ይችላል?”

“ሊሆን ይችላል፣ አልደብቅዎትም። ግን ጠንክረው ከገቡ የመውጣት ዕድልዎ ይጨምራል። እሱን አብረን እንሠራለን።”

“አብረን” ስትይኝ ተነሳሁ።

ሲጋራውን በዚያው ቀን ተውኩ። ሳንባዬ እንዲጠነክር ባዘዝሽኝ መሠረት ውሃ በያዘ ሃይላንድ ውስጥ በቀጭን ቱቦ እየነፋሁ አረፋ ሳስወጣ የልጅ ልጄ በሳቅ ትፈርስ ነበር። መጀመሪያ እስከ ጎረቤት በር፣ ቀጥሎ እስከ አስፋልቱ፣ በመጨረሻ አስኮ ደርሼ መመለስ ቻልኩ። የድሮ ባልደረቦቼ ታክሲ አቁመው “ግባ እናድርስህ” ሲሉኝ “በእግሬ ሂድ ተብዬ ነው” እላቸው ነበር። የኔነሽም በቱቦው የሚገባውን ምግብ በሰዓቱ አዘጋጅታ ስትሰጠኝ ኪሎዬ መውረዱን አቆመ። ከኦፕሬሽኑ በፊት የታዘዘልኝ የካንሰር መድኃኒት፣ ኬሞው፣ ሲያደክመኝና የእግር ጉዞውን ስተወው ትደውይ ነበር፤ “ዛሬ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ለእኔ ሲሉ” እያልሽ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወስደሽ ያሳየሽኝን ነው። “ሲነቁ እዚህ ነው የሚሆኑት። አፍንጫዎና ጎንዎ ላይ ቱቦ ይኖራል። ያምዎታል፤ ማስታገሻ ይጠይቁ። ሲያስልዎት ትራስ ደረትዎ ላይ ያቅፉ።” በሳምንቱ ተዛወርሽ። ስትሰናበቺኝ እንደ ሕፃን አኮረፍኩሽ፤ ይቅር በይኝ።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ስነቃ ሁሉም እንዳልሽው ሆኖ ጠበቀኝ። አጠገቤ የተኛው ሰው ደንግጦ ቱቦውን ሊነቅል ይታገል ነበር። እኔ ግን የማውቀው ቦታ ነበርና ትራሴን አቅፌ ሳልኩ። በማግስቱ ነርሶቹ ደግፈውኝ ቆምኩ።

ባለፈው ሳምንት ውጤት ልንሰማ ስንገባ የኔነሽ ቀደመችኝ። “ዶክተር፣ ምንም ሳይደብቁ ለሁለታችንም ይንገሩን” አለች። ዕጢው ወጥቷል፤ ሊመለስ ስለሚችል ግን ክትትሉ ይቀጥላል አሉን። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን። በትዳራችን ዘመን መንገድ ላይ እንዲያ ሄደን አናውቅም።

ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ኦፕሬሽን ያደረገኝን ሐኪም ነው፤ ይገባዋልም። እጁ ላይ ከመውደቄ በፊት መልሰሽ ሰው ያደረግሽኝ ግን አንቺ ነሽ። ይህን ሳልነግርሽ መቅረት አልፈለግኩም።

የኔነሽ እየጠራችኝ ነው። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ ነው የምበላው፤ አሁን ፍትፍት ቀርቧል። ልሂድ፣ ልብላ።

አክባሪሽ ዳኛቸው
ከሳንሱሲ